ሳይፈታ ተሰብሯል አይባልም

የእትዬ የዝናን ማረፍ ማንም አልነገረኝም፤ ካርቶኑን ሳይ ነው ያወቅሁት። ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለው የስልክና የቴሌቪዥን ሱቅ ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ካለችው የጥገና ጠረጴዛዬ ላይ የአንድ ስልክ ሆድ ከፍቼ አቀርቅሬ ነበር። ጥላ ሲያርፍብኝ ቀና አልሁ። ጋቢ የደረቡ፣ ጫማቸውን ጭቃ የበላው ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመዋል። በብብታቸው አንዲት የስልክ ካርቶን ይዘዋል። ያቺን ካርቶን እትዬ የዝና በሕይወት እያሉ ለሰው አያስነኩም። ስለዚህ ሽማግሌው አፋቸውን ሳይከፍቱ መርዶው ደረሰኝ።

«ሙሉቀን ማለት አንተ ነህ?»

«ነኝ አባቴ።»

«የየዝና ታላቅ ወንድም ነኝ፤ ዓለሙ እባላለሁ። ከደምበጫ ነው የመጣሁ።»

«መቼ ነው?» አልኋቸው። ምኑን እንደምጠይቅ ገባቸው።

«ፍልሰታ ሲገባ። መንገዱም ዝግ፣ ስልኩም የማይሠራ ሆነና ለማን እንንገር? አፈር አልብሰን ዝም አልን።»

ወንበር ሰጠኋቸው። የመጡበትን ጉዳይ ኋላ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሜ ሴትዮዋን ልንገራችሁ። በሥራዬ ምክንያት የግማሹን ከተማ ሰው አውቃለሁ፤ ከሰዉም ይልቅ ስልኩን አውቃለሁ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ግን ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ ትዝ የሚሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።

እትዬ የዝና ሱቃችን የተቀጠሩት ለጽዳት ነበር። ካርቶን ፈቺ የሆኑት በራሳቸው ሹመት ነው። በእኛ አገር ቴሌቪዥን ተገዝቶ ዝም ብሎ ተይዞ አይወጣም። ገዢው ከገጠር ሲመጣ ሚስቱን፣ አበልጁን፣ አንዳንዴም የነፍስ አባቱን አስከትሎ ነው። ካርቶኑ በምስክር ፊት ይፈታል፤ ቴሌቪዥኑ እዚያው ተሰክቶ ይበራል፤ ሁሉም ጠጋ ብሎ ያየዋል፤ ቄሱም ይባርኩታል። ከዚያ ተመልሶ ይታሸግና በባጃጅ እስከ መናኸሪያ፣ ከዚያ በአይሱዙ፣ መንገዱ ያለቀ እንደሆነ በፈረስ ይሄዳል። ጋሽ ስማቸው፣ ባለሱቁ፣ ይህን ሁሉ ሥርዓት እንደ ሥራ መፍታት ስለሚያዩት ካርቶኑን በመቁረጫ ዘርጠጥ አድርገው ይገላገሉት ነበር። እትዬ የዝና አንድ ቀን መጥረጊያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው መሀል ገቡ።

«ኧረ እንዲህ አይደለም! የሰው ዕቃ እንደ በግ ይታረዳል እንዴ?» አሉና መቁረጫውን ከእጃቸው ወሰዱ። ወደ ገዢው ዞረውም፣ «በል፣ በስመ አብ በልና በእጅህ ጀምረው። እኔ የጀመርሁት የእኔ ነው፤ አንተ የጀመርኸው ያንተ ነው» አሉት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ገዢው ሁሉ «ያቺ ሴትዮ ትፍታልን» ማለት ጀመረ። ጋሽ ስማቸው መጀመሪያ ተቆጡ፣ ቀጥሎ አጉረመረሙ፣ በመጨረሻ ገበያው ሲደራላቸው ሌላ ጽዳት ቀጠሩ።

ካርቶኑ ከመፈታቱ በፊት ጆሮው ላይ አስጠግቶ የሚነቀንቅ ገዢ አይጠፋም። ያን ጊዜ እትዬ የዝና እጁን መታ ያደርጉታል። «ሳይፈታ ተሰብሯል አይባልም!» ይህቺ አባባል የእሳቸው ናት፤ ከሌላ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ለሁሉ ነገር ይጠቀሙባት ነበር። የጎረቤት ልጅ ፈተና ወደቀ ብሎ የሚያወራ ሲመጣ፣ የአንዱ ትዳር ፈረሰ ሲባል፣ ዝናቡ ዘንድሮ እንቢ አለ ሲባል፣ እሳቸው ያቺኑ ነው። እኔም ጠዋት የተበላሸ ስልክ ተቀብዬ ገና ሳልከፍተው «ይኸ እንኳ አይድንም» ስል ከኋላዬ ይሰሙኝና ይመልሱልኛል።

ክዳኑ ሲነሳ ሰዉ አንገቱን አስግጎ የአዲስ ዕቃውን ሽታ ይስባል። እሳቸው ግን አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይይዛሉ። «አትሽቱት፤ የሩቅ አገር ትንፋሽ ነው፤ ያስነጥሳችኋል።» ቀጥሎ የሚመጣው ግን ጠብ ያስነሳ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ሪሞቱ ላይ፣ የስልኩ መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ስስ ላስቲክ እዚያው ይልጡታል። እናንተም ታውቃላችሁ፣ የእኛ ሰው ያን ላስቲክ አይልጥም። ቤቱ ወስዶ ዕድፍ እስኪጠጣና እስኪቀደድ ያኖረዋል፤ አዲስነቱ እሱ ነዋ። አንዱ የአማኑኤል ከተማ ነጋዴ እትዬ የዝና ከቴሌቪዥኑ ላይ ሲልጡበት ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

«አዲስነቱን ገፈፍሽብኝ እኮ!»

«የገፈፍሁልህ ከፈኑን ነው። ደግሞ ቀን ሳይደርስ ከፈን ምን ይሠራልሃል?»

ሰዉ ሳቀ፤ ነጋዴውም ሳቀ፤ ላስቲኩ ግን ከእሳቸው ጋር ቀረ። ከዕቃው ጋር የመጣ ላስቲክ፣ ነጭ ፎም፣ ፌስታል የሚባል ነገር ሁሉ ከሱቁ በር አያልፍም። ለመንገዱ ተመልሶ ሲታሸግ በፎሙ ቦታ የጤፍ ገለባ ይጎዘጉዙበታል። ገለባውን ከደምበጫ በጆንያ የሚልኩላቸው እኚሁ ወንድማቸው ናቸው። የገጠር ሴት እንቁላል ገበያ ስታወርድ በገለባ ቀብራ ነው፤ እትዬ የዝና ደግሞ ቴሌቪዥንን የሚያዩት እንደ ትልቅ እንቁላል ነው። ለገለባውም የራሳቸው እጅ ነበራቸው። ያፍሱታል፣ አፈሩን ያራግፉታል፣ መስታወቱን እንዳይጭር ቆርቆር ያለውን ይለቅማሉ፤ ከዚያ በመዳፋቸው እየጠቀጠቁ በማዕዘኖቹ ያስገባሉ። ሲጨርሱ ካርቶኑን ገፋ ያደርጉትና ዝም ካለ «ተኝቷል» ይላሉ።

«ሱቄን በረት አደረግሽው!» ይላሉ ጋሽ ስማቸው፣ ወለሉ ላይ የተበተነውን ገለባ እያዩ።

«በረት ቢሆንማ ፍጉ እርሻ ላይ ይወድቅ ነበር። የእርስዎ ዕቃ የሚጥለው ምን ይሆናል? ቢቀብሩት አይበሰብስ፣ ቢያነዱት ሰው ይጨርስ።»

ይህን ያህል ላስቲክ የጠሉበትን ምክንያት አንድ ክረምት ነገሩኝ። መብራት ጠፍቶ፣ ገዢም ጠፍቶ፣ ሁለታችን በር ላይ ዝናብ እያየን ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ይበልጣል የሚባለውን አንድ ልጃቸውን የሚያሳድጉት በአንዲት ዳልቻ ላም ነበር። ላሚቱ እየበላች ከሳች። ጠበል ተረጨች፣ መድኃኒት ተጋተች፣ አልሆነም። ሳትሞት ትታረድ ተባለና ታረደች። ጨጓራዋ ሲከፈት የፌስታል ድውር ወጣ፤ የልጅ ራስ ያህላል። ከገበያ ዳር የቃረመችው ነው።

«ከድውሩ አንዱን ፈትቼ አጠብሁት» አሉኝ። «ምንም አልሆነም፤ እንደ አዲስ ነው። ጨው ብቋጥርበት ይይዛል። ላሜ አፈር ሆነች፤ እሱ እስከ ዛሬ ይይዛል። ሙሉቀን፣ እኔ ከዚህ ነገር ጋር አንድ ቤት አልኖርም።»

ከዚያ በኋላ ነው ይበልጣልን ይዘው ወደ ማርቆስ የገቡት። ልጁን ሊያስተምሩ የመጡበት ከተማ ደግሞ ያንን ጠላታቸውን በየካርቶኑ አሽጎ ጠበቃቸው። ይህን ሲያስቡት ራሳቸው ይስቁ ነበር። ከገዢው የቀሙትን ፎምና ላስቲክ ሁሉ ከሱቁ ጀርባ ባለች የቆርቆሮ መጋዘን ያከማቹታል። ምን ሊያደርጉት እንደሆነ አያውቁም፤ እኔም አላውቅም። መጋዘኗ እስከ ጣሪያዋ ሞላች። «መቼም አንድ መላ ይገኝለታል» ይላሉ። እኔ መላ እንደማይገኝለት አውቅ ነበር።

አንድ ጊዜ ግን መላው የተገኘ መሰለ። አዲስ አበባ ያለው አስመጪ አንድ ጭነት ስልክ ላከ፤ ካርቶኑ አፈርማ፣ ቀለም ያልነካው፣ ቅጠል የተሣለበት። እትዬ የዝና አንዱን አስፈቅደው ፈቱት። ላስቲክ የለም። ፎም የለም። ስልኩ የተኛው እንደ እንቁላል ማስቀመጫ በተቦረቦረ ወረቀት ውስጥ ነው፤ መስታወቱ ላይ እንኳ ስስ ወረቀት እንጂ ሌላ አልተለጠፈበትም። ገልብጠው አዩት፣ ፈለቅ አድርገው በምራቃቸው አርሰው በጣታቸው አሹት፤ ላመ። ከዚያ መሀል ሱቅ ቆመው እልል አሉ! የጎረቤት ሰው ማን ወለደ ብሎ መጣ።

«ይኸን እንኳ ላም ብትበላው ትፈጨዋለች» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አየህ? የሚያስብ ሰው አለ ማለት ነው። እዚያ ማዶ የሚያስብ ሰው አለ።»

ገዢ መጣ። ካርቶኑን አገላብጦ፣ «ላስቲኩስ?» አለ።

«ይኸ ላስቲክ የለውም፤ አዲስ ዓይነት ነው» አሉት።

«እትዬ፣ ክዳን የሌለው ድስት ድመት ያልቀመሰው ይመስልዎታል? የተፈታ ነው ይኸ።» ትቶ ሄደ። ሁለተኛውም እንዲያው። ሦስተኛው ጭራሽ «ፎርጅድ» ብሎ በየገበያው አወራብን። እትዬ የዝና ምለው ተገዝተው አስረዱ፤ ላሚቱን ሳይቀር ተረኩ። ሰዉ በሐዘኔታ ይሰማቸዋል፣ ከንፈሩን ይመጣል፣ ከዚያ «ላስቲክ ያለውን አምጪልኝ» ይላል።

ጋሽ ስማቸው ነጋዴ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። አንድ ጥቅል ላስቲክ ገዝተው መጡና እያንዳንዷን ካርቶን አለበሷት። ስልክ የምፈታበትን የሙቅ አየር መሣሪያዬን ተቀብለው ላዩ ላይ ሲነፉበት ላስቲኩ ኩምትር ብሎ ጥብቅ አለ። ከፋብሪካ የወጣ ነበር የሚመስለው። ሥራው ሲሠራ እትዬ የዝና ከፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። በማግስቱ ያ ሁሉ ስልክ በአንድ ገበያ ውሎ አለቀ። ማታ ሱቁን ስንዘጋ፣ «እኔ እኮ ፋብሪካው መስሎኝ ነበር የማይሰማ» ብቻ አሉኝ። ያ ዓይነት ካርቶን ተመልሶ አልመጣም።

ከዚህ በኋላ ይበልጣል ትምህርቱን ጨርሶ ዲማ በኩል ባለ የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኖ ተመደበ። ጸጥተኛ ልጅ ነበር፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። እናቱ ስልክ ገዙለት። የልጃቸውንም ካርቶን እንደ ሌላው ሁሉ ሱቅ ውስጥ አስፈቱ። ልጁ በስመ አብ ብሎ ጀመረው። ስልኩ ሲወጣ እሳቸው እንደ ልማዳቸው የመስታወቱን ላስቲክ በጥፍራቸው ከጥጉ ያዙና ቦጨቅ አደረጉት።

«እማዬ ተዪው!» አለ ይበልጣል እጃቸውን ይዞ። «ተዪው፣ አዲስ ይምሰል።»

ዕድሜያቸውን ሙሉ ለማንም ያልተውትን ለእሱ ተዉለት። ጥጓ ብቻ ተቀደደች። «እሺ፣ ላንተ ስል» አሉ። ካርቶኑ እናት ዘንድ ቀረ፤ ዕቃ ቢጠፋ የሚመሰክረው ካርቶኑ ነው፣ ከጀርባው ቁጥሩ አለ፣ ይህን ለገዢው ሁሉ የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ስልኩ በወጣበት ጎድጓዳ ገለባ ሞሉበትና ቤታቸው መደርደሪያ ላይ አኖሩት።

መንገዱ መዘጋት በጀመረ ሰሞን ይበልጣል እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። ሲመለስ መኪና አልነበረም፤ በእግሩ ወጣ። ስደርስ እደውላለሁ ብሎ ተሰነባበቱ። ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ። ኔትወርክ በመጣ ጊዜ የእሱ ስልክ አይጠራም። ሰው ተላከ፤ ከትምህርት ቤቱ የመጣው መልስ «አልደረሰም» የሚል ነበር። ሌላ ነገር የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። እንዲህ ያለ መልስ የደረሰው ቤት በዚያ ሰሞን ብዙ ነው፤ እሳቸውም ሥራቸውን ቀጠሉ። የሰው ካርቶን እያስፈቱ፣ «ሳይፈታ ተሰብሯል አይባልም» እያሉ ዋሉ። ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሏል።

ከዕለታት አንድ ቀን ከአማኑኤል የመጣ ወጣት ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ስልክ አኖረ። «ፓተርኑ ጠፍቶብኝ ነው፤ ክፈትልኝ።» መስታወቱ ላይ በጣት ተሥሎ የሚከፈተው ቁልፍ ማለቱ ነው።

«ካርቶን ይዘሃል?»

«የለኝም፤ ከገበያ ነው የገዛሁት።»

ካርቶን የሌለው ስልክ እንደማንከፍት ልነግረው ስል፣ ገለባ ያቀፉት እትዬ የዝና ከኋላዬ ደረሱ። ስልኩን አዩት። ገለባው ከእቅፋቸው ወረደ። መስታወቱ ላይ ላስቲኩ አለ፤ ተጭሮ፣ ጠውልጎ፣ ዳር ዳሩ አድፎ፣ ጥጉ ላይ ግን በጥፍር የተቦጨቀው እንዳለ ነው።

«ይኸን እኔ ነኝ የቀደድሁት» አሉ።

እየሮጡ ቤታቸው ሄደው ካርቶኑን አመጡ። እኔ ከስልኩ ጀርባ ያለውን ቁጥር አነብባለሁ፤ እሳቸው ካርቶኑ ላይ በጣታቸው ይከተላሉ። መሀል ላይ ቁጥሩ አንድ መሆኑ ገብቶኝ ማንበቤን አቆምሁ።

«ጨርሰው» አሉኝ። ጨረስሁት።

ወጣቱ ደንግጦ ማለ፣ ተገዘተ፤ አማኑኤል ገበያ ላይ ከማያውቀው ሰው ነው የገዛው። ክፉ ልጅ አይመስልም። ጋሽ ስማቸው ሌላ ስልክ ሰጥተው ሸኙት፤ ይህን ስላደረጉ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ። ነገሩ ለሚመለከተው ተነገረ፣ ተመዘገበ፣ እንደተመዘገበ ቀረ።

ዲማ ወዲያ ነው፣ አማኑኤል ወዲህ፣ በደምበጫው መንገድ። ወደ ፀሐይ መውጫ የሄደ ልጅ ስልኩ በፀሐይ መግቢያ ተገኘ። እትዬ የዝና ከዚህ ተስፋ አወጡ። «መንገድ ለውጦ ወደ አጎቱ ወደ ደምበጫ ሊሄድ አስቦ ቢሆንስ? ተርቦ ራሱ ሸጦት ቢሆንስ?» ስልኩን ራሱ የሚሸጥ ሰው ፓተርኑን ከፍቶ ነው የሚሸጠው። ስልክ ሱቅ ውስጥ የኖሩ ሴት ይህን ሳያውቁት አይቀሩም። ዓይኔን አይተው አቀረቀሩ።

«ትከፍተዋለህ?»

«እከፍተዋለሁ፤ ግን ፍላሽ አድርጌ ነው። ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ፎቶውም፣ ድምፁም፣ የጻፈውም።»

«ሳይጠፋ?»

«ሳይጠፋ የሚከፍተው እሱ ብቻ ነው።»

የስንቱን ካርቶን በእጃቸው የፈቱ ሴትዮ እጃቸው ላይ አንድ የማይፈታ ነገር ቀረ። ወንበራቸውን በር ላይ ያወጡና ስልኩን ወደ ፀሐይ ያዘነብሉታል። ላስቲኩ ላይ የይበልጣል ጣት የተመላለሰበት ጭረት ይታያል፤ ፓተርኑ የተሣለበት መንገድ ነው፤ ላስቲኩ ይዞ አቆይቶታል። እሳቸው ያን ጭረት እየተከተሉ ይሞክራሉ። ስልኩ እንቢ ይላል፤ በተሳሳቱ ቁጥር ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ይዘጋባቸዋል። «ዛሬ ተቆጥቷል» ይሉኛል። መብራት ሲመጣ ቻርጅ ያደርጉታል፣ ሲሞላ ይሞክራሉ። እኔ ከጠረጴዛዬ ሆኜ አያለሁ። የእሳቸው ጣት ሲመላለስበት ከርሞ የልጁ ጭረት በእናቱ ጭረት ተሸፈነ። አንድ ቀን ወደ ፀሐይ አዘንብለው ብዙ አዩትና፣ «እኔው አጠፋሁት መሰለኝ» አሉ።

የነፍስ አባታቸው ሱቅ ድረስ መጡ። «ልጄ የዝና፣ እርሙን አውጪ። ፍትሐት ይደረግለት፤ ነፍሱም ትረፍ፣ አንቺም ረፊ።»

«አባቴ፣ እንዴት አድርጌ?» አሉ እትዬ የዝና፣ መስቀሉን ተሳልመው። «ሳይፈታ ተሰብሯል አይባልም።»

ቄሱ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባቸውም። ለእኔ ገብቶኛል፤ ስለገባኝም ተነስቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ክረምቱ ሲቃረብ ስልኩን ካርቶኑ ውስጥ በገለባ አስተኝተው ወንድማቸው ዘንድ ደምበጫ ገቡ። ልጁ በዚያ በኩል ካለፈ እዚያ ሆነው ሊጠብቁት ነው። ሲሰናበቱኝ፣ «ይኸን ላስቲክ ሳሳድደው ኖርሁ፤ ከላሜም እሱ ተረፈ፣ ከልጄም የተረፈኝ እሱ ነው» አሉኝ። የምሬት ድምፅ አልነበረውም፤ ድካም ነበረው። በሄዱ ሰሞን ጋሽ ስማቸው መጋዘኗን ለሌላ ዕቃ ፈለጓት። ያ ሁሉ ፎምና ላስቲክ ከኋላ ባለው ሜዳ ወጥቶ ነደደ። ጥቁር ጭስ ሰፈሩን ሞላው፤ ሰዉ ሲያስል ሰነበተ። እሳቸው ይህን አላዩም፤ በዚህ ብቻ ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ወደ አያ ዓለሙ ልመለስ። ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና፣ «የእሷንም የልጁንም እርም ባንድ ላይ አወጣን» አሉኝ። «ምን እናድርግ? እሷ ሳለች አፋችንን አስይዛን ነበር።»

«ሲያርፉ ምን አሉ?»

«ምንም። ቃል አልወጣትም። ጣቷ ብቻ ጋቢው ላይ ይሄድ ነበር። እንዲህ ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ እንዲህ ተመልሶ።» በወፍራም ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ አሳዩኝ። «ደጋግማ ይኸንኑ ነው። የምትጽፍ መስሎን ነበር።»

ስልኩን አውጥቼ ቻርጅ አደረግሁት። ሲበራ ያሳዩኝን መንገድ ሣልሁበት። ለአፍታ የሚከፍት መሰለኝ። አልከፈተም።

«ለልጄ ልጅ ይሁን ብለን ነው፤ ይማርበታል» አሉ አያ ዓለሙ። «ክፈትልን።»

«ውስጡ ያለው ይጠፋል።»

«ምን ቀረና ልጄ?» አሉኝ፤ በቁጣ አይደለም።

ፍላሽ አደረግሁት። ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ጠቆረ፣ ነዘር አለ፣ ነጭ ብርሃን አወጣ፣ እንኳን ደህና መጡ አለና ቋንቋ እንድመርጥለት ጠየቀኝ፤ ትናንት ከካርቶን እንደወጣ ሁሉ። አማርኛ መረጥሁለት። አያ ዓለሙ አንገታቸውን አስግገው አዩት፤ ፊታቸው ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈታ አለ። እኔ ሳላስበው ጥፍሬን ያቺ የተቦጨቀች ጥግ ላይ አሳርፌ ነበር።

«ኧረ ላስቲኩን ተወው» አሉኝ። «አዲስ ይምሰል።»

ተውሁት። ስልኩን ካርቶኑ ውስጥ መለስሁ። ገለባው ደቆ ብናኝ ሆኗል፤ ሌላ ልጨምርበት ዞር ብል ሱቃችን ውስጥ ገለባ ከቀረ ቆይቷል። ውጭ ማካፋት ጀምሮ ነበር።

«ካርቶኑ እንዳይርስብኝ ፌስታል አታጣልኝም?»

ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጥቁር ፌስታል ስቤ ሰጠኋቸው።